ዘጠኝ ነጭ ቀለበቶች

ኑ፣ ተቀመጡ። ፌሮው ላይ አይደለም፣ ዝገቱ ልብሳችሁን ያበላሸዋል፤ ካርቶኑን አንጥፉና ግንቡን ተደገፉ። አንተም ስልክህን ኪስህ ክተታት፣ የትም አትሸሽም። ግንበኞቹ ከምሳ እስኪመለሱ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ላጫውታችሁ አልኩ እንጂ ጨዋታ አይደለም። ስድሳ ዓመት ያህል ሆዴ ውስጥ ይዤው ኖሬአለሁ፤ ለእናታችሁ እንኳ በቅጡ አልነገርኳትም።

ይሄ ፌሮ ለአዲሱ ክፍል ሲመጣ ሻጩ፣ "ከባሕር ማዶ ነው እማማ፣ ምርጥ ብረት ነው" አለኝ። እኔም በሆዴ፣ "የባሕር ማዶ ብረት ከየት እንደሚነሳ እኔን ጠይቀኝ" አልኩ። ከሚነሳበት ነው ያደግሁት።

ወደብ ዳር ያለ ግቢ ነበር። አጥሩ ቆርቆሮ፣ መሬቱ ዝገት። ዝናብ ሲጥል ኩሬው የሻይ ቀለም ይይዛል፤ ጫማ ያለውም የሌለውም እግሩ ቀይ ነው። የተቃጠለ መኪና፣ የሆስፒታል አልጋ፣ የባቡር ሐዲድ፣ የተጣመመ በር፣ ምኑ ቅጡ፣ ሰው የጣለው ብረት ሁሉ በጭነት መኪና እየመጣ ይከመራል። ክምሩ ከቤታችን ጣሪያ ይበልጣል። ከዚያ መርከብ ይመጣና ያንን ሁሉ ስብርባሪ በሆዱ ይዞ፣ ስሙን እንኳ ወደማላውቀው አገር፣ ወደ ማቅለጫ ይወስደዋል። እዚያ እንደ ውሃ ይቀልጥና ፌሮና ምስማር ሆኖ ዞሮ ለኛው ይሸጣል።

የእናቴ ሥራ ለሚያየው ሰው ሥራ አይመስልም። መዶሻና ቀጭን ሽቦ ይዛ ክምሩ ውስጥ መዞር ነው። የጋዝ ሲሊንደር፣ ክዳኑ የተበየደ በርሜል፣ ብቻ የታፈነ ነገር ስታገኝ በመዶሻዋ ኳ ታደርገውና ጆሮዋን ታስጠጋለች። ከዚያ ለሰርሳሪው ትሰጠዋለች። እሱ አስተንፍሶ በመሰርሰሪያ ይበሳዋል። እሷ በቀዳዳው ሽቦዋን ሰድዳ ውስጡን ታማስላለች። ባዶ መሆኑን ስታረጋግጥ ጣቷን ነጭ ቀለም ውስጥ ነክራ ቀዳዳውን ዙሪያውን ቀለበት ትሠራበታለች። ቀለበት ያለበት ሲሊንደር ይጫናል። የሌለበትን ጫኝ አውራጆቹ ራሳቸው አውጥተው ይጥሉታል። ክሬን ነጂውም እሷ ያላየችውን ክምር አይነካም።

እኔ ሰባት ዓመቴ ነው። ቁጭ ብዬ ስመለከት የገባኝ ነገር፣ ዋናው ቀለሙ ነው። ቀዳዳው ቀለበቱ የት እንደሚሠራ ማመልከቻ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

የታፈነ ብረት እሳት ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ዛሬ አውቃለሁ። ውስጡ የቀረው ጋዝ ወይም ውሃ መውጫ ያጣል፤ ሲሊንደሩም ከነቀለጠው ብረት ምድጃው ፊት በቆመው ሰው ላይ ይፈነዳል። ያኔ ግን ይህን ማንም አልነገረኝም። እናቴም አልነገረችኝም። ልጅ ይህን ሰምቶ እንዴት ይተኛል ብላ ይሆናል።

በግቢው የሚወዳት አልነበረም። "ኳኳ" ነበር የሚሏት። "ኳኳ መጣች፣ ሥራ ቆመ" ይላሉ። አንድ ቀን አንዱ ጫኝ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ኳኳ፣ ባልሽንም አንኳኩተሽው ነው የሸሸሽ?" አላት። እሷም ቀና ሳትል፣ "እሱን? አንድ ጊዜ ባንኳኳው ባዶ ሆኖ አገኘሁት፤ ጥዬው መጣሁ" አለችው። ያን ቀን ሰዉ በሱ ሳቀበት። ለሳቁም በኋላ ቂም ያዘባት።

እንግዲህ የዚያን ክረምት መርከቡ መጥቶ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው የመሰርሰሪያው ሞተር ተቃጠለ። አንድ ክምር ቀርቷል፣ ጭቃ የተለወሰ፣ እናቴ ገና ያላየችው። እሷም ክምሩ እንዳይነካ አለች። ዝናቡ ይወርዳል፣ መርከቡ ቆሟል። በሦስተኛው ቀን ካቦው ጃንጥላውን ይዞ ፊቷ ቆመ፤ ካቦው ማለት የግቢው አዛዥ ነው።

"ስሚ አንቺ ሴትዮ። ክምሩን ልቀቂ።"

"መሰርሰሪያው ይጠገንና እለቃለሁ።"

"ሳምንት ይፈጃል። መርከቡ ሳምንት ይጠብቅልሽ?"

"መርከቡን እኔ አልያዝኩትም ጌታዬ። ይሂድ፣ ክምሩ ይቅር።"

"ሳይሞላ የሚሄድ መርከብ የት አይተሻል?"

"እንግዲያው ይጠብቃላ።"

ከኋላው የቆሙት ጫኝ አውራጆች አጉረመረሙ። እነሱ የሚከፈላቸው መርከቡ ሲሞላ ነው፤ ሦስት ቀን ሙሉ እጃቸውን አጣጥፈው ዝናብ ሲያዩ ሰንብተዋል። ከመሐላቸው በር የሚያህል አንድ ሰውዬ ወጣ።

"ጉሮሯችንን አንቀሽ ይዘሽ ትቀልጂብናለሽ?"

"አልቀለድኩም።"

"ብረቱ የሚቀልጠው እዚህ አይደለም! እዚያ ላሉት ምን አገባሽ? ስምሽን ያውቁታል?"

እናቴ መዶሻዋን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። "ስሜንስ አያውቁትም፣" አለች፣ "ቀለበቴን ግን ያውቁታል።"

ሰውዬው እግሯ ሥር እንትፍ ብሎ ሄደ።

እኔ ማንን የጠላሁ ይመስላችኋል? እሱን አይደለም። እሷን ነው። በዚያው ጠዋት ጀሪካኔን ይዤ ቧንቧ ጋ ብሄድ የግቢው ሻይ ሻጭ በእግሯ ገፋ አደረገችው። "የኳኳ ልጅ ወረፋ የላትም። እናትሽ ባሎቻችንን ቤት አስቀምጣ አንቺ ውሃ አማረሽ? ሂጂና አንኳኪ፣ ይከፈትልሽ እንደሆነ።" ሴቶቹ ሳቁ። ባዶ ጀሪካን ይዤ ስመለስ ልጆቻቸው ቀይ ጭቃ እየወረወሩብኝ እስከ በራችን ሸኙኝ። አንዱ ጭቃ ማጅራቴ ላይ አረፈና በጀርባዬ ቁልቁል ወረደ። አሁንም ሳስበው ይቀዘቅዘኛል።

"እማ፣" አልኳት፣ "ለምን አትቀቢላቸውም?"

"ምኑን?"

"ቀለሙን። ቀለሙ እኮ አለ፣ ቆርቆሮው ሙሉ ነው።"

"ዝም በይ ሚጡ፣" አለችኝ፣ "ደክሞኛል።"

ልጅ ሆናችሁ አስቡት። ቀለም አላት፣ ጣት አላት፣ ሰው ሁሉ ይለምናታል፣ እሷ ግን እምቢ ትላለች። ክፋት መሰለኝ። ከክፋትም የደረቀ፣ ምክንያት የሌለው ክፋት።

እኩለ ቀን ላይ ዝናቡ አባራ። ካቦው እናቴን በር ላይ የቆመ መኪና እይልኝ ብሎ ጠራት። ዘበኛው ዳቦውን እየገመጠ ነበር። የቀለሙን ቆርቆሮ ከአግዳሚው ሥር አወጣሁና ክምሩ ውስጥ ገባሁ። ቀጭን ነበርኩ፣ ድመት በምታልፍበት አልፋለሁ። የታፈነ ነገር ለይቼ አውቃለሁ፤ ስታንኳኳ አይቼ አንኳኩቻለሁ። ጭቃውን በቀሚሴ ጠረግሁና በመጀመሪያው ላይ ቀለበት ሠራሁ። ቀለሙ ቀዝቃዛ ነው፣ እንደ እርጎ ወፍራም። ሁለት። ሦስት። መቁጠር የምችለው እስከ አሥር ስለነበር አሥር ላድርሰው ብዬ ብዙ ፈለግሁ፤ አሥረኛ አጣሁ። ዘጠኝ ሆኑ። ለዚህ ነው ቁጥሩን ዛሬም የማልስተው።

ወጥቼ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ክሬን ነጂው ሻዩን ጨርሶ ሲመለስ ክምሩን አየ፣ ጠጋ ብሎ አየ፣ ከዚያ ለሰዎቹ በፉጨት ምልክት ሰጠ። "ለቃለች! ኳኳ ለቃለች!" ግቢው እንደ ሠርግ ቤት ሆነ። የክሬኑ ማግኔት ወረደ፣ ብረቱ ተንጠልጥሎ ወደ መርከቡ ሆድ ሲወርድ የሚያሰማው ጩኸት ጥርስ ያፋጫል። ለኔ ግን ሙዚቃ ነበር። ነገ ውሃ እቀዳለሁ፣ ሻይ ሻጯም ወረፋ ትለቅልኛለች ብዬ አሰብኩ።

እናቴ ከበሩ ስትመለስ የክምሩ እኩሌታ ሄዷል። ማግኔቱ አንድ ሲሊንደር አንጠልጥሎ ከራሷ በላይ ያልፍ ነበር። ቀና ብላ አየችው። ቀለበት አለ። በቀለበቱ መሐል ቀዳዳ የለም።

እንዲያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። ሮጣ ክሬኑ ሥር ቆመች፣ ሁለት እጇን ዘርግታ። ክሬን ነጂው "ገለል በይ፣ ልገድልሽ ነው!" እያለ ይሳደባል፤ አልተነቃነቀችም። ሲሊንደሩ ወረደ። ካቦው፣ ጫኞቹ፣ ዘበኛው፣ ሁሉም ከበቧት።

"ይሄ ቀለበት የማን ነው?" አለ ካቦው።

እናቴ ጎንበስ ብላ ቀለሙን አየች። የጣቱን አሻራ ስፋት አየች መሰለኝ። ከዚያ ቀስ ብላ ዞራ እኔን አየችኝ። እጄን ከኋላዬ ደብቄያለሁ።

"የኔ ነው፣" አለች።

"ያንቺ? ያልተበሳ ላይ?"

"ተሳስቼ ነው። ያንቺ አይደለም የሚለኝ አለ?"

"ስንት ዓመት በዚህ ቀለበት ስትመጻደቂብን ኖረሽ!" ብሎ ያ በር የሚያህለው ሰውዬ ገፈተራት። ወደቀች። ተነሳች። ሌላው ደግሞ ገፋት፣ ቀይ ጭቃ ፊቷን ሞላው። እኔ ምን አሰብኩ? አታምኑኝም። በጎ ሥራዬን ቀማችኝ ብዬ ተናደድኩ። ሰውን ያስደሰተው የኔ ቀለም ነው፣ እሷ የኔ ነው ትላለች! ጣቴን አውጥቼ "የኔ ነው" ልል ምንም አልቀረኝም።

ባለፈው ዓመት ከመንገድ ማዶ ሰዎች አንድ ሕፃን ሲገፈታትሩ አይቼ ያን ግቢ አስታወስኩት። ሦስት ቀን ሥራ ፈትቶ የተራበ፣ የተናደደ ሰው መሐል እጇ ቀለም የነካ ልጅ ብትገኝ ምን ይደረጋት ነበር? እናቴ ይህን በአንድ እይታ ነው ያሰበችው። ያላት ነገር አንድ ቀለበቷ ነበር፤ እሱን ሰጥታ ገዛችኝ።

ከዚያ ክንዴን ይዛ መሣሪያ ቤቱ ውስጥ አስገባችኝ፣ በሩን ዘጋች። በላምባና በአሸዋ እጄን ትፈትግ ጀመር። ቆዳዬ ተላጠ። ጥፍሬ ሥር ሳይቀር በምስማር ጫፍ ታወጣዋለች። ቀሚሴን አውልቃ ላምባ በርሜል ውስጥ ነከረችው። ቀሚስ ስላቆሸሽኩ የተቆጣች መሰለኝ።

"ስንት ነው?" አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ከወር በፊት ብርጭቆ ሰብሬ ልክ እንዲህ "ስንት ነው?" ብላ ጠይቃኝ ነበር። ሦስት አልኳት፣ ሦስት ጊዜ በቀበቶ መታችኝ። ዘጠኝ ጊዜ መመታት ደግሞ እንዴት ይቻላል?

"ልጄ፣ አልቆጣሽም። ስንቱ ላይ ነው የቀባሽው? እውነቱን ንገሪኝ።"

"ስድስት፣" አልኩ።

"ስድስት?"

"ስድስት።"

ግንባሬን ሳመችኝና ወጣች።

መሬት የቀረውን ክምር ፈትሻ መርከቡ ሆድ ውስጥ ወረደች። ጫኞቹ እየተሳደቡ ብረቱን ይገለብጣሉ፣ እሷ በጉልበቷ እየዳኸች ትፈልጋለች። ከሆዱ የሚወጣው ስድብ ውጭ ድረስ ይሰማል። ከሰዓት በኋላ አልቆ ፀሐይ ወደ ባሕሩ ስታዘቀዝቅ ስድስት ሲሊንደር ከነቀለበታቸው መሬት ላይ ተደርድረዋል። "አለቀ?" አላት ካቦው። "አለቀ፣" አለች። "አንቺም አልቀሻል፤ ነገ እንዳትመጪ።" የመርከቡ ክዳን ተዘጋ።

ቤት ገባን። ቀበቶውን ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አየዋለሁ። እሷ ፊቷን ታጠበች፣ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ። አልመታችኝም። መጠበቁ ከመመታት ባሰብኝ።

"እማ፣ መቼ ነው የምትመቺኝ?"

"ለምን እመታሻለሁ? አንቺ እኮ ነሽ ያዳንሻቸው። ስድስት ባትዪኝ ኖሮ እንዴት አገኛቸው ነበር?"

እንዲያ ስትለኝ አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ አላውቅም፣ ስለ ምድጃው የማውቀው ነገር የለኝ። ምስጋናው ብቻ አቃጠለኝ።

"ዘጠኝ ነው፣" አልኳት።

ዳቦው ከእጇ ወደቀ። ልክ ያን ጊዜ ከባሕሩ በኩል የመርከቡ ጡሩምባ ጮኸ። እናቴ ወደ እኔ ሳትዞር በሩን ከውጭ ቆልፋብኝ ሮጠች፤ ጫማዋ በሩ ላይ ቀረ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሕይወታችን ገሃነም ሆነ። እኔ የማውቀው ይህን ብቻ ነበር፤ እናቴ ደጅ አድራ ጠዋት ረጥባ መጣች፣ ሥራዋን አጣች፣ ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ግቢው ተዘጋ። ገዢዎቹ "ያንን ብረት አንወስድም" ብለው ነው አሉ። ሰዉ በሷ አመካኘ። በራችን ላይ "ኳኳ" እያሉ በድንጋይ ይደበድባሉ። እሷ የሰው ልብስ እያጠበች አሳደገችኝ። ለማንም መልስ አልሰጠችም።

አንድ ልማድ ግን አወጣች። መርከብ በመጣ ቁጥር ወደቡ ዳር ትሄዳለች። ቧንቧው ጋ ሴቶቹ አይኔን እያዩ፣ "መርከበኛ ስትጠብቅ ነው፣ ሌላ ምን ሥራ አላት" ይላሉ። አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ ተከትያት ሄድኩ። ከአንድ ባዕድ መርከበኛ ጋር ቆማ አየኋት። አንድ ጣቷን አነሳች። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። በድጋሚ አንድ ጣቷን አነሳች፣ ሰውዬው ስቆ ሄደ። ዋጋ የምትከራከር መሰለኝ። ቤት ስትገባ፣ "እንደሚሉሽ ነሽ!" አልኳት። ልጆቼ፣ ይህን ያልኩት በዚህ አፌ ነው። እሷ ማበጠሪያውን አነሳችና፣ "ነይ ፀጉርሽን ላበጥርልሽ" አለችኝ። አልሄድኩም። ከዚያ ወዲያ ብዙ ዓመት እጇን ራሴ ላይ አላስነካኋትም።

እናቴን በቀበርን ሰሞን አንድ ሽማግሌ በከዘራ መጣ። መርከቦችን ከወደቡ እየመራች የምታወጣ ትንሽ ጀልባ ነበረች፤ የሷ ነጂ የነበረ ነው። ወንበር ሰጠሁት። ሻዩን ሳይነካ፣ "ያን ቀን ጀልባዬ ላይ የዘለለችው እናትሽ ናት" አለኝ።

"የቱን ቀን?"

"መርከቡ የወጣ ቀን ነዋ። መጀመሪያ ካቦው ጋ ሄዳ በሬዲዮ ንገርልኝ ብላ እግሩ ላይ ወድቃ ነበር። 'ብናገር ብረቱን ሁሉ ይመልሱብናል' ብሎ አስወጣት። እኔም አልወዳትም ነበር፣ አልዋሽሽም። ግን ባዶ እግሯን ዘልላ ገባች፣ ምን ላድርግ? በገመድ መሰላሉ መርከቡ ላይ ወጣች። ቋንቋ የላትም። በጠመኔ የመርከቡ ወለል ላይ ቀለበት ሣለች፣ መሐሉን በመዳፏ ሸፈነችው፣ ሦስት ጣቷን አነሳች። ከዚያ እጇን እንዲህ ከፍታ ቡም አለች። ካፒቴኑ ገባው፣ ጻፈው።"

"አገኟቸው?"

"መርከቡ ተመልሶ ሲመጣ ካፒቴኑ ሁለት ጣቱን አሳያት። ሁለቱን አግኝተዋል።"

ሽማግሌው ከዘራውን መሬት ላይ አሽከረከረ። "ከዚያ በኋላ በመጣው መርከብ ሁሉ የምትጠይቀው ሦስተኛውን ነበር። አንድ ጣቷን እያነሳች።"

ይኸው ነው። ሦስተኛው የት እንደደረሰ ዛሬም አላውቅም። ባሕር ውስጥ ይሁን፣ ሳይቀልጥ ተገኝቶ ይሁን፣ አንድ ሰው ምድጃ ፊት ቆሞ ሳለ... አላውቅም። ያ ሰው ልጅ ነበረው ይሆን? ፌሮ በተራገፈ ቁጥር እጄን አስደግፌበት እቆማለሁ፤ እናንተም አያታችን ወገቧን አሟት ነው ትላላችሁ።

ግንበኞቹ መጡ መሰለኝ፣ ድምፃቸው ይሰማኛል። ተነሱ እንግዲህ፣ ልብሳችሁን አራግፉ። ሌላውን ሁሉ ብትረሱት ግድ የለኝም። ይህን ብቻ ያዙልኝ፤ አንድ ቀን ከዚያ ባሕር ማዶ የመጣ ሰው ብታገኙ፣ አንድ ጣታችሁን አንስታችሁ ስለ ሦስተኛው ጠይቁልኝ። እናንተንም ስንት ነበሩ ብሎ የሚጠይቃችሁ ካለ፣ እሷን የሚመታት የለም፣ እኔንም የሚመታኝ የለም፣ አትፍሩ። ዘጠኝ ነበሩ በሉ።